አደራው የማይፈታ ስሎት፦ ሥራ ያቆመ የሪፕሊኬሽን ስሎት አሮጌ ትራንዛክሽንን እንዴት እንደሚይዝ



ዛሬ የምናገረው ድምፅ ሳያሰማ ቆይቶ አንድን ዳታቤዝ ሥራ ሊያስቆም ስለሚችል ጉዳይ ነው። ምሳሌዬ ፖስትግሬስ ነው።

ፖስትግሬስ አንድ ረድፍ ሲሻሻል አሮጌውን ወዲያው አያጠፋም፤ ቀደም ብለው የጀመሩ ትራንዛክሽኖች ሊያነቡት ይችላሉና። በኋላ የሚያጸዳው ቫክዩም የተባለው ሂደት ነው። ቫክዩም አስቀድሞ «እስካሁን የሚፈለገው እጅግ አሮጌው ትራንዛክሽን የትኛው ነው?» ብሎ ወሰኑን ያበጃል። ረድፉ የሞተው ከወሰኑ በፊት ከሆነ ያነሣዋል፤ ከዚያ ወዲህ ከሆነ አይነካውም።

እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው 9.4 ዕትም የመጣው የሪፕሊኬሽን ስሎት በዚህ ወሰን ላይ ድምፅ አለው። ስሎት ዋናው ሰርቨር ለተቀባዩ ሰርቨር የያዘው አደራ ነው። አደራው ሦስት ነው፦ የለውጥ መዝገቡ ከየት ጀምሮ እንዲቆይ፣ ኤክስሚን የተባለው የረድፎች ወሰን፣ እንዲሁም ካታሎግ ኤክስሚን የተባለው የሥርዓት ሠንጠረዦች ወሰን። ሎጂካል ስሎት ሦስተኛውን ዘወትር ይይዛል። ፊዚካል ስሎት ግን ኤክስሚን የሚይዘው ተቀባዩ ስለሚያነበው ነገር ለዋናው እንዲያሳውቅ ከተዋቀረ ብቻ ነው።

ተቀባዩ ግንኙነቱን ሲያቋርጥ ስሎቱ «ንቁ አይደለም» ይባላል። ንቁ አለመሆን ግን መፈታት አይደለም። ስሎቱ በዲስክ ላይ ስለሚጻፍ ሰርቨሩ ተዘግቶ ቢነሣም ይኖራል፤ ቁጥሮቹም ባሉበት ይቆማሉ። ስሎት ባይኖር ኖሮ የተቀባዩ ማሳሰቢያ ከግንኙነቱ ጋር አብሮ ያበቃ ነበር።

መዘዙ ሦስት ነው። የለውጥ መዝገቡ ተከማችቶ ዲስኩን ይሞላል። የሞቱ ረድፎች ሳይነሡ ስለሚቀሩ ሠንጠረዦች ያብጣሉ። ከሁሉ የሚከፋው ግን የትራንዛክሽን ቁጥር ማለቅ ነው። ቁጥሩ ባለ 32 ቢት ስለሆነ አንድ ትራንዛክሽን ወደ ኋላ ሊመለከት የሚችለው 2 ቢሊዮን ያህል ብቻ ነው። ቫክዩም አሮጌዎቹን ካላቀዘቀዘ፣ በቅርብ ዕትሞች 3 ሚሊዮን ገደማ ሲቀር ዳታቤዙ አዲስ ቁጥር መስጠት ያቆማል፤ ይነበባል፣ አይጻፍበትም። ካታሎግ ኤክስሚን የሚያግደው የሥርዓት ሠንጠረዦችን ብቻ ቢሆንም፣ የዳታቤዙ ዕድሜ የሚለካው እጅግ ባረጀው ሠንጠረዥ ነውና ከዚህ አደጋ አያድንም።

መከላከያ አለ። በ2020 የወጣው 13ኛው ዕትም አንድ ስሎት ሊያስቀር በሚችለው የመዝገብ መጠን ላይ ጣሪያ ለማበጀት አስችሏል። ይሁን እንጂ ጣሪያው የሚለካው መጠንን እንጂ የትራንዛክሽንን ዕድሜ አይደለም። በ2025 የወጣው 18ኛው ዕትም ለረጅም ጊዜ ሥራ ፈትቶ የቆየን ስሎት የሚሽር የጊዜ ገደብ ጨምሯል። ሁለቱም ሆን ተብለው ካልተበጁ አይሠሩም።

ስለዚህ ፒጂ ሪፕሊኬሽን ስሎትስ የተባለውን ዕይታ በየጊዜው መርምሩ፤ የሁለቱን ኤክስሚኖች ዕድሜም ለኩ። ባለቤቱ የማይመለስ ስሎት ሲገኝ ይሰረዝ። የሚያስፈልገው መዝገብ ከተነሣ በኋላ ተቀባዩ ቢመለስ እንደገና መገንባት ሊኖርበት ይችላል። ይህ ግን ዋናው ዳታቤዝ መጻፍ ከሚያቆም ይልቅ የሚቀል ዋጋ ነው።