ቴአትር መማር ለተዋናይ ብቻ አይደለም

ብዙ ሰዎች የቴአትር ትምህርት ለመድረክ ሰው ብቻ የሚጠቅም ይመስላቸዋል። ነገር ግን ባለቅኔው ዮፍታሔ ንጉሤ ከ1928 ዓ.ም. የጠላት ወረራ በፊት በቅዱስ ጊዮርጊስ ትምህርት ቤት ቴአትር ያሠሯቸው ልጆች ተማሪዎች እንጂ ተዋንያን አልነበሩም።

እኛ በችሎት ጽሕፈት ሥራ ስንውል፣ እውነት ይዞ ሳለ በዳኛ ፊት ድምፁ የሚታፈንበትን ባለጉዳይ ዘወትር እናያለን። ቴአትር የሚማር ሰው ግን ትንፋሹን መግዛትን፣ ቃሉን አጥርቶ መናገርን፣ ይልቁንም የባልንጀራውን ንግግር እስኪፈጽም አድምጦ መመለስን ይለማመዳል።

በቤትም እንዲሁ ነው። አባት የልጅን፣ ልጅም የአባትን ቃል ተለዋውጠው ቢጫወቱ፣ አንዱ የሌላውን ችግር ያስተውላል። ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ ቴአትር ልማር ቢላችሁ አትከልክሉት፤ ነገ መብቱን የሚያስከብርበትን አንደበት ዛሬ ይገራልና።