ዲስኩ ሞልቷል፤ ቦታውን የያዘው ፋይል ግን አይታይም?

ሊኑክስ ሰርቨራችሁ «ዲስኩ ሞልቷል» አለ እንበል። ትልቁን የሎግ ፋይል አጠፋችሁ፤ ቦታው ግን አልተለቀቀም። የዲስኩን ቦታ የሚያሳየው ዲኤፍ ትዕዛዝ ዲስኩ ሙሉ ነው ይላል፤ የፋይሎችን መጠን የሚደምረው ዲዩ ደግሞ ያን ያህል ፋይል የለም ይላል። ሁለቱም ልክ ናቸው።

ሊኑክስ ላይ ፋይል ማጥፋት ማለት ስሙን ከማውጫው መሰረዝ ነው። ፋይሉን ከፍቶ የያዘ ፕሮሰስ እስካለ ድረስ ዳታው ከዲስኩ አይለቀቅም።

ምን ይደረግ?

1. ኤልሶፍ የተባለውን ትዕዛዝ በሩት መብት፣ በ«ፕላስ ኤል 1» አማራጭ አስኪዱ። ስማቸው ተሰርዞ ገና ያልተዘጉ ፋይሎችን ከያዛቸው ፕሮሰስ ስምና ቁጥር ጋር ይዘረዝራል።

2. ኤልሶፍ ካልተጫነ በፕሮክ ማውጫ ሥር፣ ሎጉን በሚጽፈው ፕሮሰስ ቁጥር የተሰየመው ማውጫ ውስጥ ገብታችሁ ኤፍዲ የተባለውን ማውጫ ተመልከቱ። የጠፋው ፋይል «ዲሊትድ» የሚል ምልክት አለው።

3. ፋይሉን የያዘውን አገልግሎት ሪስታርት አድርጉ፣ ወይም ሎጉን ዘግቶ እንደገና እንዲከፍት እዘዙት። ያኔ ቦታው ይመለሳል።

ለወደፊቱ ሎጎችን በየጊዜው የሚቀይረውን ሎግሮቴት በትክክል አዋቅሩ። እየተጻፈበት ያለ ሎግ አታጥፉ፤ ይዘቱን ባዶ አድርጉት። ሰርቨሩን ሪቡት ከማድረጋችሁም በፊት የትኛው ፕሮሰስ የትኛውን ፋይል እንደያዘ እዩ። ሪቡት ቦታውን ቢመልስም ማስረጃውን ያጠፋል፤ ችግሩም ተመልሶ ይመጣል።