የጥያ ድንጋዮች በማን ስር ናቸው?

ባለፈው ሴሚስተር በእንግሊዝኛ የዜና አጻጻፍ ኮርስ ስለ ትውልድ ቀዬዬ ስለ ጥያ አንድ ፊቸር ጽፌ ነበር። ትክል ድንጋዮቹ በ1980 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት መመዝገባቸውን ስገልጽ «ፕሌስድ አንደር ዘ ጁሪስዲክሽን ኦፍ ዩኔስኮ» አልኩ። ከበድ ያለች እንግሊዝኛ ስለሆነች አማረችኝ። ሐሳቧን በአማርኛ ሳነብላቸው አያቴ ዝም ብለው ቆዩና «ታዲያ የኛ አይደሉም ማለት ነው?» አሉኝ። መምህሬም በቀይ አስምሮባት «መቼ ሸጥናቸው?» ብሎ ጻፈባት።

እውነታቸውን ነው። «ጁሪስዲክሽን» የማዘዝና የመዳኘት ሕጋዊ ሥልጣን ነው። ዩኔስኮ በጥያ ላይ ይህ ሥልጣን የለውም። የ1972ቱ (እ.ኤ.አ.) የዓለም ቅርስ ስምምነት አንቀጽ 6 ቅርሱ የሚገኝበት አገር ሉዓላዊነት የተከበረ መሆኑን ይደነግጋል። ቅርሱን የመጠበቅ ኃላፊነትም በቅድሚያ የአገሩ ነው። «ተመዝግቧል» ብል ይበቃኝ ነበር።

«አንዲት ሐረግ ይህን ያህል ታካብዳለች እንዴ?» ትሉኝ ይሆናል። ኧረ ጦርም አማዝዛለች! በሚያዝያ 1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል አንቀጽ 17፣ በአማርኛው፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር በኢጣልያ በኩል መላላክ «ይቻላቸዋል» ይላል። ኢጣልያ ግን የራሷን ቅጂ ይዛ ነገሩን ግዴታ አደረገችው፤ ኢትዮጵያ በእኔ «ፕሮቴክቶሬት» ስር ናት ብላም ለአውሮፓ አሳወቀች። ቃሉ ሲሰሙት ጥበቃ ነው፤ ሥራው ግን ገዢነት። ዳግማዊ ምኒልክ ውሉን አልቀበልም አሉ። ከአድዋ ድል በኋላ በጥቅምት 1889 ዓ.ም. የአዲስ አበባው ውል የውጫሌን ሻረው።

እንግዲህ እኛ ጋዜጠኛ ልንሆን የምንማር ሰዎች «አንደር» ብለን ከመጻፋችን በፊት ከኋላዋ የምትመጣውን ቃል እንመርምር። «ኮንትሮል» ካልን አዛዥ አለ ማለታችን ነው። «ፕሮቴክሽን» ካልን ጠባቂ አለ። «ኦስፒስስ» ካልን ደግሞ ደጋፊ እንጂ ጌታ የለም። ማን ያዛል? በየትኛው ሕግ? መልሱን ካላወቅን ሐረጓን እንተዋት።

ያረምኩትን ለአያቴ ደግሜ አነበብኩላቸው። «እንዲያ በል እንጂ!» አሉኝ። ከመምህሬ ማርክ ይልቅ እሷ ደስ አለችኝ።