የቤት ቁጥር የሌለው ሳል

ስሜንም ወረዳዬንም አትጠይቁኝ። በሰፈሩ «ሲስተር!» ብሎ የሚጣራ ሰው ሲኖር ዞር የምለው እኔ ነኝ። የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ሆኜ አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ለቤት ስዞር 11 ዓመት ሞላኝ። ዛሬ ጠጋ በሉና በሪፖርታችን ላይ የማይጻፈውን ልንገራችሁ።

አንድ የቀበሌ ጭቃ ቤት ነው። አባወራው የሳንባ ነቀርሳ ተገኝቶበት መድኃኒት ጀምሯል። እንዲህ ሲሆን አብረውት የሚኖሩትን ሁሉ ማጣራት ግዴታችን ነው። የቤተሰብ ማህደሩን ገለጥኩ፤ አባወራው፣ ሚስቱ፣ ሦስት ልጆችና አያት፣ በድምሩ ስድስት ሰው። አንድ በአንድ ጠየቅኳቸው፤ ምልክት ያየሁበትን ወደ ጤና ጣቢያ ላክሁ። ቦርሳዬን አንስቼ ልወጣ ስል ከመጋረጃው ጀርባ ሳል ሰማሁ።

«ማነው እሱ?»

«እንግዳ ነው ሲስተር። ዘመድ ነው፣ ሊጠይቀን መጥቶ ነው።»

በመጋረጃው ሥር ሲሚንቶ የደረቀበት ጫማ ይታያል። ጫማውን አውቀዋለሁ፤ ባለፈው ዓመትም እዚያው ነበር። ሰውየው ደባል ነው። የቀን ሥራ ውሎ ማታ ይገባል፣ ለአንድ ፍራሽ ቦታ በየወሩ ይከፍላል፣ እኔ ስመጣ ደግሞ እንግዳ ይሆናል።

እመቤቲቱን ውሸታም እንዳትሏት። የቀበሌ ቤት ተከራይ ቤቱን መልሶ ማከራየት አይፈቀድለትም። ከተደረሰባት ቤቱን ልታጣ ትችላለች፤ ደባሉን ካስወጣች ደግሞ የወሩ ዘይትና በርበሬ ይጎድላል። እሷ የምትከላከለው የልጆቿን ጣሪያ ነው። የጤና መዝገቤ የጎደለው በዚህ ፍርሃት ነው።

ነገሩ ሥሩ ሩቅ ነው። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ሲያደርግ፣ ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ። ኪራዩም እንዲቀንስ ተደረገ። በዚህ ውሳኔ ስንት ደሃ መሃል ከተማ ላይ ጎኑን ማሳረፊያ እንዳገኘ አውቃለሁ፤ እኔም ያደግሁት በዚያው ዓይነት ቤት ነው። ግን ከዚያች ኪራይ ቤቱን የሚያድስ ገንዘብ አልወጣም። ቤተሰቡ በዛ፤ ልጅ አገባ፣ ቆጥ ተሠራ፣ ጓዳው በመጋረጃ ተከፈለ። ሽንት ቤቱ የስንት ቤት የጋራ እንደሆነ ስጠይቅ ነዋሪው ራሱ ቆጥሮ አይጨርስም። መስኮት ካለም ለሌባና ለብርድ ተብሎ ተከድኗል። በዚያ ላይ የከሰሉ ጭስ አለ። የሳንባ ነቀርሳ በትንፋሽ ነው የሚተላለፈው፤ ሰው የሚጨናነቅበትንና አየር የማይዘዋወርበትን ቤት የመሰለ ምቹ ቦታ የለውም። እኔ «መስኮት ክፈቱ» ብዬ አስተምራለሁ፤ የሚከፈት መስኮት የሌለው ቤት ውስጥ ቆሜ ይህን ስል አንገቴን እደፋለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ሚስጥር ልግባ። የቤተሰብ ማህደር የሚከፈተው በቤት ቁጥር ነው። የነዋሪነት መታወቂያ የቤት ቁጥር ይፈልጋል። ከገጠር ለመጣ ሰው መሸኛ፣ ለተከራይ ደግሞ የአከራዩ ፈቃድ ይጨመርበታል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅንም እንዲሁ ነው። በ2003 ዓ.ም በ13 ወረዳዎች በሙከራ ሲጀመር ሐሳቡ ትልቅ ነበር፤ ቤተሰቡ በዓመት አንዴ ያዋጣል፣ ማዋጣት ለማይችለው መንግሥት ይከፍልለታል። ብዙ እናት በዚያ ካርድ ልጇን አሳክማለች፤ ዓይኔ ያየው ነው። ካርዱን ለማውጣት ግን በቅድሚያ የአካባቢው ነዋሪ ሆኖ መመዝገብ ያስፈልጋል።

መንግሥት የሚከፍልላቸው ሰዎች፣ «የደሃ ደሃ» የሚባለው ዝርዝር ሲሠራ ብዙ ጊዜ ተቀምጫለሁ። በጀቱ ስንት ቤተሰብ እንደሚችል ከስብሰባው በፊት ይታወቃል። ስም ይነበባል፣ ሰዎች ስለሚያውቁት ጎረቤት ይመሰክራሉ፣ አንዷ መበለት ስትገባ ሌላዋ ለከርሞ ትቆያለች። ያ ክርክር ከባድ ነው፤ በቅንነት ሲካሄድም ያማል። ከመጋረጃው ጀርባ ያለው ሰው ግን ክርክሩ ላይ እንኳ አይደርስም። የቤት ቁጥር ስለሌለው ስሙን የሚያነሳለት የለም። በጀት ስናቅድም የምናቅደው ለተቆጠሩት ብቻ ነው፤ ስለዚህ በወረቀት ላይ የሰፈራችን ድህነት ከእውነተኛው ያነሰ ይመስላል።

በ2016 ዓ.ም የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ሲወጣ ተስፋ አድርጌ ነበር። ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ዘመኑ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ይላል። የግል ቤት ተከራይ የሆናችሁ ይህን ውል አስመዝግቡ፤ ከቤት ኪራይ ጭማሪ ከመከላከሉም በላይ እዚያ መኖራችሁን የሚያሳይ ወረቀት ነው። ደባል ግን ሊያስመዘግብ የሚችለው ውል የለውም፤ መኖሩ ራሱ ክልክል በሆነ ቤት ውስጥ ነው የሚተኛው።

እኛ ባለሙያዎች ሻይ ላይ ስንገናኝ የምንለው፣ ስብሰባ ላይ ግን የማንደፍረው አንድ ነገር አለ። የጤና ቆጠራና የቤት ይዞታ ቁጥጥር ይለያዩ። እኔ ማታ ማን የት እንደሚተኛ ስጽፍ ያ ወረቀት ለቤቶች ጽሕፈት ቤት እንደማይደርስ በሕግ ይረጋገጥልኝ። እናቲቱ ይህን ካመነች መጋረጃውን ራሷ ትገልጠዋለች። የሰው ልጅ በተኛበት ይቆጠር፤ ቤቱ የማን ነው የሚለው ጥያቄ በሌላ ደብተር ይጻፍ። ለዚህ አዲስ ሆስፒታል መገንባት አያስፈልግም።

ሳል ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየባችሁ ሁሉ ደግሞ ይህን ከእኔ ያዙ፤ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት በመንግሥት ጤና ተቋም በነፃ ነው የሚሰጠው። ካርድ የለኝም ብላችሁ ቤት አትቅሩ።

ሰውየውን ማታ ተመልሼ አገኘሁት። የአክታ ዕቃ ሰጠሁት፤ የምርመራ ወረቀቱ ላይ «የቤት ቁጥር» የሚለውን ባዶ ተውኩት። ውጤቱ ነቀርሳ ሆነ። መጀመሪያ ላይ በየማለዳው ጤና ጣቢያ ሄዶ መድኃኒቱን በባለሙያ ፊት ይውጥ ነበር፤ የቀን ሥራ የሚያዘው በማለዳ ስለሆነ ብዙ ቀን እንጀራው አመለጠው። እመቤቲቱ ለልጆቿ ከምታቀርበው ላይ ቀንሳ አበላችው። ስድስት ወሩን ጨረሰ፤ ሳሉም ቆመ።

ማህደሩን ባለፈው ሳምንት ገለጥኩት። ያ ቤት ዛሬም ስድስት ሰው ነው ያለው ይላል።