የወንድም ፍቅር የወለደው ጥበብ

ለታመመ ወንድሙ የሚያዝን ሰው ብዙ ነው፤ ሐዘኑን ወደ ሥራ የሚመልሰው ግን ጥቂት ነው። ቤንጃሚን ፍራንክሊን ከጥቂቶቹ አንዱ ነበረ።

እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1752 ዓመተ ምሕረት ታላቅ ወንድሙ ጆን በቦስተን በፊኛ ጠጠር ይሠቃይ ነበር። ሽንት ለማውጣት ይገባ የነበረው የብረት ቧንቧ ግትር ስለ ነበረ በሥቃይ ላይ ሥቃይ ይጨምራልና፥ ሕመምተኛው የሚተጣጠፍ ቧንቧ ተመኘ። ፍራንክሊንም በፊላደልፊያ ሳለ ይህን ሲያስብ ዘዴው ታየው። ወዲያውም ወደ ብር ሠሪ ሄዶ አሠራሩን አስረዳ፤ ለዚያው ፖስታ እንዲደርስም ሥራው እስኪፈጸም ድረስ ከሠሪው አጠገብ ተቀመጠ። የብሩም ቧንቧ በታጠበ ቀጭን አንጀት ሊሸፈን እንደሚችል ገለጸ። ይሁን እንጂ ሥራዬ ፍጹም ነው አላለም፤ አዲስ መሣሪያ በልምድ እንደሚሻሻል ለወንድሙ ጻፈለት።

ቃሉም አልወደቀም። በ1930ዎቹ ዓመታት ፍሬዴሪክ ፎሊ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም በጎማ ቧንቧ ጫፍ ላይ ትንሽ ከረጢት አደረገ፤ ይህችም በፊኛ ውስጥ ውሃ ሲሞላባት ቧንቧው እንዳይወጣ ትይዘዋለች። መሣሪያው ዛሬም በየሆስፒታሉ በፎሊ ስም ይጠራል።

እንግዲህ የሕመምተኛን ጩኸት የሚሰማ ጆሮና የእጅ ባለሙያን የማይንቅ ልብ በአንድነት ሲገኙ፥ ጥበብ ከዚያ ትወለዳለች።