የዶላር ነገር ከጂንካ ገበያ እንዴት ይደርሳል?
(በራዲዮ የተነገረ)



ዶላር የሚባለውን ገንዘብ በእጁ ጨብጦ የማያውቅ ሰው ስለምን በዶላር ምክንያት ኑሮው ይናጋል? ይህን ጥያቄ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኞች ደጋግመን ስለምንሰማ፤ በዛሬው ንግግራችን በተቻለ መጠን ለማብራራት እንሞክራለን። ምሳሌውን የምንወስደው ከመርካቶ ሳይሆን፤ ከአዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ ከምትገኘው ከጂንካ ከተማና በዙሪያዋ ካሉት የደቡብ ኦሞ ገበያዎች ነው። መንገዱ በረዘመ ቁጥር ወጪው እየተደመረ ስለሚሄድ፤ ነገሩ ከዚያ ሆኖ ለሚያየው ይበልጥ ግልጽ ነው።

የውጭ ምንዛሪ ማለት፤ አገራችን ቡናዋን፣ ወርቋንና ሰሊጧን ለውጭ ሸጣ፤ በውጭ የሚኖሩ ልጆቿ የሚልኩትንና በብድርም በርዳታም የምታገኘውን ጨምራ፤ ነዳጅ፣ መድኃኒት፣ ማዳበሪያና መለዋወጫ የምትገዛበት ገንዘብ ነው። የሚገባው ከሚወጣው ያነሰ እንደ ሆነ፤ ወይ መበደር ወይም ግዢውን መቀነስ ግድ ይሆናል። በ1985 ዓ.ም. የአንድ ዶላር ዋጋ ከ2 ብር ከ7 ሳንቲም ወደ 5 ብር ከፍ ተደርጎ ነበር። በ2016 ዓ.ም. ግን በባንክ 57 ብር ግድም ደርሶ፤ ከባንክ ውጭ የሚሸጠው ደግሞ የዚህን እጥፍ ያህል ሆኖ ነበር። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር ኢትዮጵያ ለውጭ ቦንድ ገዢዎች መክፈል የነበረባትን 33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ ሳትከፍል ቀረች። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪው ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ፈቀደ፤ በዚያው ዕለት የዓለም የገንዘብ ድርጅት በ4 ዓመት ተከፋፍሎ የሚሰጥ 3.4 ቢሊዮን ዶላር ብድር አጸደቀ። በ2018 ዓ.ም. መግቢያ ላይ አንድ ዶላር ከ140 ብር በላይ ሆኖ ነበር።

እንግዲህ በጂንካ ሱቅ ከፍቶ የሚነግድ አንድ ሰው አለ እንበል። ሳሙና፣ ዘይት፣ ባትሪ፣ ቆርቆሮና ምስማር ይሸጣል። በውጭ አገር 100 ዶላር የሚያወጣ ዕቃ፤ ቀረጡና ማጓጓዣው ሳይታሰብ፤ በፊተኛው የባንክ ሂሳብ 5,700 ብር ሲሆን በኋለኛው 14,000 ብር ይሆናል። ባለ ሱቁ የቀድሞውን ዕቃ ሸጦ ያገኘው ገንዘብ፤ ትርፉ እንኳ ተጨምሮበት፤ ያንኑ ያህል ዕቃ መልሶ አይገዛለትም። በመዝገቡ አትርፏል፤ በመደርደሪያው ግን ከስሯል። እርግጥ ብዙው አስመጪ ከውሳኔው በፊትም ዶላሩን ከጥቁር ገበያ ያገኝ ስለ ነበር፤ የብዙ ዕቃ ዋጋ አስቀድሞ ወጥቶ ነበር። ስለዚህ ዶላር እጥፍ ሲሆን ሁሉም ነገር እጥፍ ይሆናል ማለት ትክክል አይደለም። በአፋር ጨው ላይ እንኳ ዋጋ ጨምሮ ዶላርን የሚያመካኝ ነጋዴ መኖሩን አድማጭ ሳያውቅ አይቀርም።

ከሁሉ የሚከፋው የዱቤው ነገር ነው። ከዋና ከተማ ርቆ የሚሠራ ደመወዝተኛ ብዙ ጊዜ ወሩን የሚገፋው በዱቤ ደብተር ነው። ዋጋ በወር ውስጥ በሚለወጥበት ጊዜ ግን፤ ዱቤ የሰጠ ነጋዴ ያለ ወለድ ማበደሩ ብቻ ሳይሆን ከዋናውም ይጎድልበታል። ስለዚህ በመጀመሪያ የመክፈያውን ቀን ያሳጥራል፤ ቀጥሎ ለሚያምነው ሰው ብቻ ይሰጣል፤ በመጨረሻም ደብተሩን ያጥፋል። ዱቤ የተከለከለው ሠራተኛ የሚገዛውን ይቀንሳል፤ ሽያጭ ይቀዘቅዛል፤ ከሱቁ ተቀጥሮ ዕቃ የሚያወርደውና የሚመዝነው ልጅም ይሰናበታል። ይህ ልጅ ከዶላር ጋር ምንም ጉዳይ አልነበረውም።

በዚህ ላይ ነዳጅ አለ። መንግሥት ድጎማውን ደረጃ በደረጃ እያነሣ በመሄዱ፤ በ2017 ዓ.ም. የአንድ ሊትር ቤንዚን ዋጋ ከ100 ብር አለፈ። ጎመኑና በቆሎው በብር ቢመረትም፤ የሚጫነው ነዳጅ በሚጠጣ መኪና ነው።

ደመወዝስ? በጥቅምት 2017 ዓ.ም. በተደረገው ማሻሻያ ዝቅተኛው ከ1,100 ብር ወደ 4,760 ብር ሲያድግ፤ ከፍተኛው ከ20,468 ብር ወደ 21,492 ብር ብቻ ነው ያለፈው። ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ዝቅተኛው 6,000፣ ከፍተኛው 39,000 ብር ሆኗል፤ ከሥራ ግብር ነፃ የሚሆነውም ገቢ ከ600 ወደ 2,000 ብር ከፍ ብሏል። ሂሳቡን ለሚያስተያይ ሰው፤ የዝቅተኛው ተከፋይ ደመወዝ ከምንዛሪው ፈጥኖ ሲያድግ፤ የከፍተኛው ግን እጥፍ እንኳ አልሞላም። ይሁን እንጂ ከ1,100 ብር የተነሣ ሰው ፈጥኖ አደገ ቢባል ጠገበ ማለት አይደለም።

ሐሙስ ቀይ አፈር፣ ቅዳሜ ዲመካ፣ ሰኞ ቱርሚ ገበያ የሚወጣው አርብቶ አደር ደግሞ ኑሮውን የሚለካው በብር አይደለም፤ አንድ ፍየል ስንት ቁና እህል ይገዛል ብሎ ነው። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ድረስ በምሥራቅ አፍሪካ አምስት የዝናብ ወቅቶች ተከታትለው በተጓደሉ ጊዜ፤ ድርቁ ደቡብ ኦሞንም መታ። በእንዲህ ያለ ጊዜ ሁሉም የከሳ ከብቱን በአንድነት ስለሚያወጣ የከብቱ ዋጋ ይወድቃል፤ እህሉ ግን ይወደዳል። የምንዛሪው ነገር የመጣው እንግዲህ መንጋው ሳያገግም ነው። ስለ ኦሞ ኩራዝ ስኳር ብዙ ስለ ተነገረ እዚህ አናስረዝምም። ብቻ በ2003 ዓ.ም. ሲጀመር ከታሰቡት ነገሮች አንዱ ስኳር ከውጭ መግዛትን ማስቀረት ነበርና፤ ፋብሪካው በዘገየ ቁጥር የብድሩ ዕዳ ከስኳሩ ቀድሞ መድረሱን ማስታወስ ይበቃል።

ተስፋው ከወዴት ነው? ብዙዎች የሚጠቅሱት ቱሪስቱን ነው። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ፤ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ደግሞ የሰሜኑ ጦርነት እንግዳውን ባስቀሩበት ጊዜ፤ አስጎብኚው፣ ሾፌሩ፣ የሆቴሉ ወጥ ቤትና ጨሌ የምትሸጠው ሴት አብረው ሥራ ፈትተው ነበር። የብር መርከስ ለውጭ እንግዳ አገሩን ያረክስለታል፤ ይህ እውነት ነው። ዳሩ ግን ወደ ማጎም ሆነ ወደ ቱርሚ የሚወስደው መኪና ጎማውም ነዳጁም ከውጭ ስለሚመጣ፤ ከጥቅሙ ከፊሉ በመንገድ ያልቃል፤ ጸጥታ ከሌለ ደግሞ እንግዳው ከነጭራሹ አይመጣም።

እኛ ይበልጥ ተስፋ የምንጥለው በቡናው ላይ ነው። ጂንካን የከበበው የአሪ ደጋ ቡናና ኮረሪማ ያበቅላል። በ2017 በጀት ዓመት አገሪቱ ከቡና ከ2.6 ቢሊዮን ዶላር በላይ አግኝታለች፤ በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር መንግሥታት አበዳሪዎች የዕዳውን መክፈያ ለማሸጋሸግ በመርሕ ተስማምተዋል። አሁን ሊጠየቅ የሚገባው፤ ላኪው በአንድ ዶላር የሚያገኘው ብር ከ57 ወደ 140 ሲወጣ፤ ከዚህ ጭማሪ ስንቱ የጫካውን ቁልቁለት ወርዶ ቡናውን ከሚለቅመው ገበሬ እጅ ገባ? የሚለው ነው። በመካከል ሰብሳቢው፣ አቅራቢውና ላኪው አሉ። የነዚህን የእያንዳንዳቸውን ሥራና ድርሻ በሚመጣው ሳምንት ለብቻው እንመለከተዋለን።