አጥንትን ወደ እናቱ ቤት የሚመልሰው ዘረመል

«የጃክ ዘ ሪፐር ማንነት በዲኤንኤ ተረጋገጠ» የሚለው ዜና ዓመት እየቆጠረ ይመለሳል። እ.አ.አ. በ2014 ወጣ፤ በ2019 ተደገመ፤ በ2025 መጀመሪያ ላይም እንደ አዲስ ነገር ተሠራጨ። ወረታ ላይ ተቀምጦ በስልኩ የወንጀል ታሪክ የሚከታተል ወጣት ርእሱን አንብቦ «በቃ፣ ተገኘ» ቢል አይፈረድበትም። ርእሱ የሚለው ያንን ነው። ምርመራው ግን ያንን አላለም፤ ሊልም አይችልም።

እ.አ.አ. በ1888 በምሥራቅ ለንደን ዋይትቻፕል በተባለው ሰፈር ከሦስት ወር ባነሰ ጊዜ ውስጥ አምስት ሴቶች ተገደሉ። ጃክ ዘ ሪፐር የተባለው ገዳይ አልተያዘም፤ ስሙም አልታወቀም። በ2007 ራስል ኤድዋርድስ የተባለ ሰው ከጨረታ አንድ የሐር ሻል ገዛ። ሻሉ የአራተኛዋ ሟች የካትሪን ኤዶውስ አስከሬን ከወደቀበት የተነሣ ነው ይባላል፤ በዚያ ሌሊት በተመዘገበው የሟቿ ልብስ ዝርዝር ውስጥ ግን የለም። ተመራማሪው ያሪ ሉሄላይነን ከሻሉ ላይ የማይቶኮንድሪያ ዲኤንኤ አወጣ። አንዱን ከኤዶውስ ዘር፣ ሌላውን በዘመኑ ከተጠረጠሩት አንዱ ከነበረው ከፀጉር አስተካካዩ ከአሮን ኮስሚንስኪ እኅት ዘር ጋር አመሳክሮ «ይመሳሰላሉ» አለ።

ሁሉም ነገር የተንጠለጠለው በዚህች «ይመሳሰላሉ» ላይ ነው።

በአብዛኞቹ ህዋሶቻችን ውስጥ ሁለት ዓይነት ዲኤንኤ አለ። አንዱ በኑክለሱ ውስጥ ያለው ነው፤ ከአባትም ከእናትም የሚወረስ፣ በእያንዳንዱ ወገን ወደ 3 ቢሊዮን ገደማ ፊደል ያለው። ፖሊስ አንድን ሰው ከሌላው ለይቶ «ይህ እርሱ ነው» የሚለው በዚህ ነው። ሁለተኛው ለህዋሱ ኃይል በሚያመነጩት በማይቶኮንድሪያዎች ውስጥ ያለው ነው። እርሱ አጭር ነው፤ 16,569 ፊደል ብቻ። አባት አያወርሰውም፤ በወንዴው ዘር በኩል የሚገባው ጥቂት ማይቶኮንድሪያ ከፅንሰት በኋላ ይጠፋል። ስለዚህ ከእናት ወደ ልጅ፣ ከሴት ልጅም ወደ ልጆቿ፣ ከትውልድ ትውልድ እምብዛም ሳይለወጥ ያልፋል።

እኛ ስም የምንጠራው በአባት ነው፤ ለጋብቻ ስንቆጥርም እስከ ሰባት ቤት በአባትም በእናትም እንወጣለን። ይህ ዲኤንኤ ግን የሚያውቀው አንድ መስመር ብቻ ነው፦ እናት፣ የእናት እናት፣ የእርሷ እናት። ወንድምና እኅት ከአንድ እናት እስከተወለዱ ድረስ እኩል ይጋሩታል። የእኅት ልጆች ይጋሩታል፤ የወንድም ልጆች አይጋሩትም። አክስት በእናት በኩል ከሆነች ትጋራዋለች። ወደ ኋላ ብዙ ትውልድ ሲኬድ ደግሞ ፈጽሞ የማይተዋወቁ፣ በስምም በአገርም የማይገናኙ በሺሕ የሚቆጠሩ ሰዎች አንድ ዓይነት ሆነው ይገኛሉ። እንግዲህ የሁለት ናሙናዎች አለመመሳሰል አንድን ሰው ከጥርጣሬ ነፃ ሊያወጣ ይችላል፤ መመሳሰላቸው ብቻውን ግን ማንንም ነፍሰ ገዳይ አያደርግም።

እ.አ.አ. በ2014 በወጣው ምርመራ የተፈጸመው ስሕተት ከዚህም ይብሳል። ከ290,000 ሰው አንዱ ብቻ አለው የተባለው ብርቅ ምልክት «314.1ሲ» ተብሎ ተመዘገበ። ሌሎች ባለሙያዎች ሲያዩት ትክክለኛው አጻጻፍ «315.1ሲ» ነበር። ይህ ደግሞ የአውሮፓ ዘር ካላቸው ሰዎች ከመቶ ዘጠና ዘጠኙ በላይ የሚጋሩት ነው። ብርቅ የተባለው ምልክት የሁሉም ሆነ። በ2019 የወጣው ጥናት ደግሞ የፊደሎቹን ቅደም ተከተል እንኳ አላሳተመም፤ በቦታው ባለቀለም ሳጥኖች አስቀመጠ። ሌላ ተመራማሪ ሊደግመውና ሊፈትሸው የማይችል ውጤት፣ በብዙ እጅ ካለፈ ሻል ላይ የተወሰደ፣ በዓለም ዜና ላይ «ተረጋገጠ» ተብሎ መነገሩ ያሳዝናል።

ሰው ለምን እንዲህ ያለውን ታሪክ ይወዳል? በእኛም አገር «ፖሊስና እርምጃው» ጋዜጣ ለዓመታት በጉጉት ሲነበብ ኖሯል። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ አማንዳ ቪካሪና ክሪስ ፍሬሊ እ.አ.አ. በ2010 ባወጡት ጥናት የእውነተኛ ወንጀል መጻሕፍትን ከወንዶች ይልቅ ሴቶች እንደሚመርጡ፣ በተለይም ከጥቃት ማምለጫ ዘዴ ያለበትን እንደሚመርጡ አሳይተዋል፤ አደጋን ቀድሞ የማወቅ ፍላጎት ሳይሆን አይቀርም ይላሉ። ይህ አንድ መላምት ነው። የተጠኑት በአብዛኛው አሜሪካውያን ናቸው፤ መጽሐፍ መምረጥና በሕይወት ራስን መጠበቅም የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ የወረታን አንባቢ በዚያ መለካት አይቻልም።

የሪፐር ታሪክ ከእኛ ታሪክ ጋር ሲተያይ ግን አንድ ነገር ጎልቶ ይወጣል። በለንደን የሟቾቹ ስም ይታወቃል፤ የጠፋው የገዳዩ ነው። በደርግ ዘመን በቀይ ሽብር የሆነው የዚህ ተቃራኒ ነው። በጎንደር የደርግ ተወካይ የነበረውን የሻለቃ መላኩ ተፈራን ስም የማያውቅ ጎልማሳ የለም፤ ስሙ ልጆቻቸው በተገደሉባቸው እናቶች ሙሾ ውስጥ ገብቷል። በጎጃም የደርግ ተወካይ የነበረው እሸቱ ዓለሙ ኔዘርላንድስ ውስጥ ተይዞ በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደበት፤ ይግባኙም በ2014 ዓ.ም. ውድቅ ሆነ። ከወንጀሎቹ አንዱ በነሐሴ 1970 ዓ.ም. ደብረ ማርቆስ ላይ 75 ወጣት እስረኞችን ማስገደሉ ነው። ያስረዱበት የሰው ምስክሮችና ፊርማው ያለበት ሰነድ እንጂ ዲኤንኤ አልነበረም። ገዳዩ ይታወቃል፤ የጠፋው የሟቹ አጥንት ነው።

የማይቶኮንድሪያ ዲኤንኤ ቦታው እዚህ ነው። በአንድ ህዋስ ውስጥ ከመቶዎች እስከ ሺዎች የሚደርስ ቅጂ ስላለው፣ ኑክለሱ ውስጥ ያለው ተበጣጥሶ ባለቀበት አጥንት ውስጥ እንኳ ይተርፋል። ማን ጠፋ የሚለው በቤተሰብ በሚታወቅበት ጊዜ ደግሞ ድክመቱ ይቀላል፦ የሚነጻጸረው ከዓለም ሕዝብ ሁሉ ጋር ሳይሆን ከጥቂት ቤተሰቦች ጋር ነው፤ የዕድሜ፣ የቁመት፣ የጥርስና የስብራት ማስረጃም ይደገፍበታል። በ1980ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ የአርጀንቲና የፎረንሲክ አንትሮፖሎጂ ቡድን በልዩ ዐቃቤ ሕግ ጥሪ መጥቶ ኮተቤ ላይ የጅምላ መቃብር ሲከፍት የ30 ሰዎች አፅም አገኘ፤ የናይለኑ ገመድ ከአንገታቸው አልወጣም ነበር። በአርጀንቲና የተሰወሩ ልጆችን አያቶቻቸው የፈለጉትም የዘረመል ተመራማሪዋ ሜሪ ክሌር ኪንግ በዚሁ የእናት መስመር ዘዴ እያገዘቻቸው ነው።

አፈሩ ወሳኝ ነው። ሙቀትና እርጥበት ዲኤንኤን ይበላል፤ ርብና ጉማራ በክረምት የሚያጥለቀልቁት የፎገራ መረሬ ለአጥንት አይመችም። ቀዝቃዛና ደረቅ ዋሻ ግን ሌላ ነው። በጋሞ ደጋ ሞታ ዋሻ የተገኘው ሰው 4,500 ዓመት ገደማ ካለፈ በኋላ ሙሉ ዘረመሉ ተነብቧል፤ የተገኘውም የውስጥ ጆሮን ከሚያቅፈው ጠንካራ የራስ ቅል አጥንት ነው። ስለዚህ የራስ ቅል ወይም ጥርስ የተረፈበት መቃብር ተስፋ አለው።

ችግሩ ያለው በአፈሩ ላይ ብቻ አይደለም፤ በሕያዋኑም ላይ ነው። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ልጃቸው ወጥቶ የቀረባቸው እናቶች በሕይወት ካሉ ብዙዎቹ ሰማንያውን አልፈዋል፣ ዘጠና የሞላቸውም አሉ። አባትና የወንድም ልጅ አይተኳቸውም፤ የሚተኳቸው ከእነርሱ የተወለዱ ወንድሞችና እኅቶች፣ የሴት ልጆቻቸው ልጆችና በእናት በኩል ያሉ አክስቶች ናቸው። ናሙና መውሰድ በጥጥ ከጉንጭ ውስጥ ጠርጎ አድርቆ ማስቀመጥ ነው፤ አያምም፣ አይቆይም። ከናሙናው ጋር የሟቹ ስም፣ ዕድሜ፣ የተያዘበት ቀንና ቦታ ይጻፍ። ዩኒቨርሲቲዎቻችን፣ ሆስፒታሎቻችንና የሰማዕታት ማኅበራት እነዚህ እናቶች በሕይወት ሳሉ ይህን ሥራ ይጀምሩት።